የዳክዬ ጫጩቶቼ እግር ከዳቸው፣ ቶሎ ድረሱልኝ!

ጀማሪዋ፦ የምታውቁ ካላችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ከ12 የዳክዬ ጫጩቶቼ ሦስቱ መቆም አቅቷቸዋል። ትናንት ሲሯሯጡ ነበር። ዛሬ ጠዋት ሳጥኑን ስከፍት አንዷ እግሯን አጥፋ ተቀምጣለች፣ በሆዷ እየተንፏቀቀች ወደ ውሃው ትሄዳለች፣ ሌሎቹ ይረግጧታል። ቁስል የለባትም፣ ትበላለች። ትናንት ሳፋ ውስጥ አዋኝቻቸው ነበር፣ ብርድ መቷቸው ይሆን? ለእንቁላልም ለሥጋም ብዬ ጀመርኩ፣ ገና ሳልበላ ሊያልቁብኝ ነው።

ላባ፦ ዕድሜያቸው ስንት ነው? ምን ይበላሉ? ወለሉስ ምንድን ነው? ዋናውን ትተሽ ስለ ሳፋ ነገርሽን።

የኩሬው ጌታ፦ ዳክዬ የውሃ ፍጥረት ነው። እግሩ የተሠራው ለመቅዘፍ እንጂ ሳጥን ውስጥ ለመቆም አይደለም። ኩሬ የሌለው ሰው ዶሮ ያርባ። ስንቴ ልናገር?

ቧልተኛው፦ ዳክዬ ድሮስ መቼ ቀጥ ብሎ ሄዶ ያውቃል?

እማማ ዳክዬ፦ ጋሼ፣ ኩሬ የሌለው ሰውም ያረባል፣ እኔ አለሁ። ለጫጩት የሚያስፈልገው ምንቃሩን እስከ አፍንጫው ቀዳዳ የሚያስነክረው ውሃ ነው። እናት ከሌለው ላባው ቅባት ስለማያገኝ ዋና ላይ ቶሎ ይበሰብሳል፣ ይበርደዋል። ዋናው ትንሽ ይቆይ። ሙቀቱ በመጀመሪያው ሳምንት 32 ዲግሪ ገደማ፣ ከዚያ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ መቀነስ ነው። ግን እህቴ፣ ብርድ ሦስቱን ብቻ መርጦ እግራቸውን አይይዝም።

ጀማሪዋ፦ ይቅርታ፣ ደንግጬ ነው። ሁለት ሳምንት ሊሞላቸው ነው። የዶሮ ጫጩት መኖ ነው የምሰጣቸው። ከሥራቸው ጋዜጣ አለ።

ጓሮ፦ ካልሲየም ስጫቸው። የአጥንት ነገር ነው።

ላባ፦ በፍጹም! ካልሲየም ሲበዛ የጫጩት ኩላሊት ይጎዳል። የእንቁላል ጣይ መኖም ገና ነው። እኔ የምጠረጥረው ናያሲን ነው፣ ቫይታሚን ቢ 3 የሚሉት። የዳክዬ ጫጩት በ1 ኪሎ መኖ 55 ሚሊ ግራም ገደማ ይፈልጋል፣ የዶሮ ጫጩት መኖ ብዙ ጊዜ የሚዘጋጀው ከዚያ ላነሰ ፍላጎት ነው። ለ1 ኩባያ መኖ 1 የሾርባ ማንኪያ የደረቀ የቢራ እርሾ ቀላቅይ። የዳቦውን ሕያው እርሾ አይደለም፣ ይነፋቸዋል። አሁኑኑ ጋዜጣውንም አንሺ፣ ያንሸራትታል። እግራቸው ወደ ጎን የተከፈተ ከሆነ ጥፋቱ የጋዜጣው ነው፣ ጠመም ብሎ መገጣጠሚያው ካበጠ ግን የቫይታሚኑ።

ጓሮ፦ እኔ ግን ካልሲየም ነው የምለው።

እማማ ዳክዬ፦ ጓሮ፣ አንዴ ተናግረሃል። ጀማሪዋ፣ እርሾው እስኪገኝ የተቀቀለ አተር ፈጭተሽ ስጪ። የወደቁትን ለይተሽ መኖና ውሃ አጠገባቸው አድርጊ፣ ካልሆነ ሌሎቹ ረግጠው ይጨርሷቸዋል።

ቀዛፊ፦ ከተሻላቸው በኋላ ስለ ዓላማሽ እንነጋገር። ከአንድ ዝርያ ሁለቱንም አጥግቦ የሚሰጥሽ የለም። ነጩ ፔኪን በ7 እና 8 ሳምንት ለሥጋ ይደርሳል፣ ከዚያ ካሳለፍሽው አዲስ ላባ ያወጣና ሲነጭ ያስመርርሻል። ለእንቁላል ካኪ ካምቤል ነው፣ በደንብ ከተያዘች በዓመት እስከ 300 ትጥላለች። ያንቺ የትኛው ነው?

ጀማሪዋ፦ ቢጫ ናቸው። ሻጩ ዝርያቸውን አልነገረኝም። እርሾ አገኘሁ፣ ጋዜጣውን በሻካራ ጨርቅ ቀየርኩ። አንዷ አሁን በአንድ እግሯ ተደግፋ ልትነሳ ሞከረች፣ ደግሞ ወደቀች።

ቧልተኛው፦ በአንድ እግር ከቆመች ሽመላ ሸጠውልሽ ነው።

ላባ፦ ሳምንት ሆነ እኮ። ቆሙ?

አዲስ ገቢ፦ ይቅርታ፣ የኔም ሁለቱ ዛሬ ጠዋት ተቀመጡ። እርሾው ውሃ ውስጥ ነው ወይስ መኖው ላይ?

ላባ፦ መኖው ላይ። ትንሽ አርጥበው፣ ካልሆነ እርሾው ከሥር ይቀራል። ወለሉ ጋዜጣ ነው?

አዲስ ገቢ፦ አዎ።