ኮምፕሬሰሩ ከቆመ በኋላ ለምን አየር ይለቃል?

ጎሚስታ፣ ቡሬ፦
ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ጎማ የምነፋበት ኮምፕሬሰር 8 ባር ሲሞላ በራሱ ይቆማል። ችግሩ የሚመጣው ከቆመ በኋላ ነው። ሞተሩን ከሚያጠፋው አውቶማቲክ ሥር ሽሽሽ እያለ አየር ይወጣል፣ አያቋርጥም። ማታ አጥፍቼው ሄጄ ጠዋት ስመጣ ታንከሩ ባዶ ነው። አንድ ሰው ግፊት ሲበዛ አየር የሚያስወጣውን የሴፍቲ ቫልቭ ሞላ አጥብቀው አለኝ። ላጥብቀው?

መካኒክ፣ ደብረ ማርቆስ፦
ወንድሜ፣ እንዳትነካው! ሴፍቲው ምንም አላጠፋም። ያስቸገረህ አየሩ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚዘጋው ቼክ ቫልቭ ነው፤ ከኮምፕሬሰሩ ራስ የሚወርደው ቱቦ ታንከሩ ላይ የሚገባበት ቦታ ታገኘዋለህ። ውስጡ ትንሽ ሞላና ጎማ አለ። ሞተሩ ሲሠራ አየሩ ሞላዋን ገፍቶ ይገባል፣ ሲቆም ሞላዋ ጎማውን መቀመጫው ላይ ትመልሰዋለች፣ ከዚያ ወዲያ የታንከሩ ግፊት ራሱ ይጫነዋል። አውቶማቲኩ ሲያጠፋ ቱቦው ውስጥ የቀረውን አየር ያስተነፍሳል፣ ሞተሩ እንደገና ሲነሳ እንዳይከብደው። ስለዚህ ለጥቂት ሰከንድ ሽሽ ቢል ጤነኛ ነው። ካላቋረጠ ግን የታንከሩ አየር ወደ ኋላ እየተመለሰ ነው ማለት ነው።

መብራቱን ንቀል፣ ጌጁ ዜሮ እስኪል አየሩን ጨርሰህ አውጣ፣ ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ ቼክ ቫልቩን ፍታው። ጥላሸቱን ጥረግ። ጎማው ከደረቀ ወይ ከተሰረጎደ ቀይረው። ሞላዋን ግን ስበህ አታርዝማት፤ አየሩ በቀላሉ እንዲያልፍ ተብሎ ነው ደካማ የሆነችው።

ጎሚስታ፣ ቡሬ፦
እግዜር ይስጥልኝ። የሴፍቲውስ ለምን ጠነከረ?

መካኒክ፣ ደብረ ማርቆስ፦
ሥራው ሌላ ነው። ቀዳዳው 1 ካሬ ሴንቲሜትር ቢሆን፣ በ8 ባር አየሩ ከሥር 8 ኪሎ ያህል ይገፋዋል። ሞላው ከዚያ በልጦ መጫን አለበት፣ ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ ደግሞ ተሸንፎ መክፈት አለበት። አጥብቀኸው አውቶማቲኩ አንድ ቀን ተጣብቆ አላጠፋ ቢል፣ መውጫ የለውም፣ ታንከሩ ይፈነዳል። አጠገቡ ሰው ቆሞ ነው ጎማ የሚያስነፋው፣ እባክህ። ይልቅ አልፎ አልፎ ቀለበቱን ሳብ አድርገህ መተንፈሱን እይ።

ገበሬ፣ መራዊ፦
የኔም የመስኖ ሞተር ሲጠፋ ውሃው ተመልሶ ይወርዳል። ያው ነው?

መካኒክ፣ ደብረ ማርቆስ፦
ያው ነው። ውሃ ውስጥ በመምጠጫው ቱቦ ጫፍ ያለውን ፉት ቫልቭ አውጥተህ እየው። ብዙ ጊዜ ሣር ወይ አሸዋ መቀመጫው ላይ ገብቶ ነው አልገጥም የሚለው። ሁለታችሁም አዲስ የምትገዙ ከሆነ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ፣ ጥርሱ ይለያያል።