በፎም ግንብ ላይ ቀጭን ቀለም ሲደርቅ ስለሚተወው ጠርዝ የእርዳታ ጥያቄ

ለጠረጴዛ ላይ የጦር ጨዋታ፣ ለ28 ሚሊሜትር ምስሎች (ለጨዋታው ትንንሽ ሐውልቶች) የሚመጥን የፈራረሰ የድንጋይ ግንብ ከጠንካራ ፎም እየሠራሁ ነው፤ ሆኖም ቀለሙ ላይ ስደርስ መላው ጠፍቶኛል። በጣሳ የሚረጭ ቀለም ውስጥ ያለው ማሟሟያ ፎሙን ስለሚበላው፣ መደቡን ጥቁር አክሪሊክ (በውሃ የሚቀጥን ቀለም) ከነጭ ኮላ ጋር ቀላቅዬ በብሩሽ ቀብቼዋለሁ፤ በዚህ በኩል ምንም ችግር የለም። በመደቡ ላይ የቀባሁት ግራጫ ከደረቀ በኋላ መጋጠሚያዎቹ እንዲጠቁሩ በውሃ የቀጠነ ጥቁር ቡናማ ስቀባው ግን፣ ቀለሙ ወደ ስንጥቆቹ በመውረድ ፈንታ በድንጋዮቹ ገጽ ላይ ያቁርና ሲደርቅ የኩሬ ዳርቻ የመሰለ ጠርዝ ይተዋል። የውሃውን የገጽ ውጥረት እንዲቀንስልኝ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ብጨምርበትም፣ አረፋ ከማብዛቱ በቀር (መቼም የድንጋይ ግንብ አረፋ አይደፍቅም) ጠርዙን አላጠፋውም።

ቀጭኑን ቀለም ከመቀባቴ በፊት ግራጫውን በአንጸባራቂ ቫርኒሽ መሸፈን ይሻላል ወይስ በውሃው ፈንታ ማት አክሪሊክ ሚዲየም (የማያንጸባርቅ፣ ቀለም አልባ የአክሪሊክ ማቅጠኛ) መጠቀም? በመጨረሻ የድንጋዮቹን ጫፎች በደረቅ ብሩሽ ስለማነጣቸው፣ ቫርኒሹ ገጹን አለስልሶ ቀለም እንዳይዝ ያደርገው ይሆን የሚለውም ያሳስበኛል። በተለይ ሰፊና ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ የሠራችሁ ባለሙያዎች ቅደም ተከተሉንና የአቀጣጠኑን መጠን ብትገልጹልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።