የሪሞት መኪና፦ አሮጌውን ማደስ ወይስ አዲስ መግዛት?

ጥያቄ (ድሬዳዋ፣ ከዚራ)፦ ጤና ይስጥልኝ። ከአጎቴ የወረስኩት ታሚያ ሆርኔት የሪሞት መኪና አለኝ፤ ሞተሩ ቢዞርም ሪሞቱን አይታዘዝም፣ ጎማዎቹም በሙቀት ተሰነጣጥቀዋል። ላድሰው ወይስ አዲስ ልግዛ?

መልስ (ሐረር)፦ ወንድሜ፣ እባክዎ አይጣሉት። በ1984 እ.ኤ.አ. የወጣው ይህ ሞዴል በ2004 እ.ኤ.አ. እንደገና ስለተመረተ ጎማና ማርሽ ይገኝለታል፤ የድሮው የ27 ሜጋኸርዝ ሪሞት ከነሪሲቨሩ (መኪናው ውስጥ ሆኖ የሪሞቱን ምልክት ከሚቀበለው ዕቃ ጋር) ወጥቶ በ2.4 ጊጋኸርዝ ሪሞትና ሪሲቨር ይተካ። አስቀድመው ግን የባትሪ ድንጋዩን ማስቀመጫ ይክፈቱ፤ የብረት ምላሶቹ ላይ ዝገት ካዩ ኮምጣጤ በነካ ጥጥ ጠርገው በደንብ ያድርቁት።

መልስ (ድሬዳዋ)፦ ልጆች በየቀኑ ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ የሚነዱት ከሆነ አዲሱ ይሻላል፤ የቆየ ፕላስቲክ ስለሚደርቅ በአንድ ግጭት ይሰበራል።

መልስ (ሐረር)፦ እውነት ነው፤ ለአጎትዎ መታሰቢያ ከሆነ ግን ይታደስ። ሽቦውን የሬዲዮ ጠጋኝ ይበይድልዎታል፤ 7.2 ቮልቱን የሞተር ባትሪ በቀጥታ ከሪሲቨሩ ጋር እንዳያገናኘው አደራ ይበሉት።