ክሮሚየም 6 ምርመራ፦ ቡናማው ቀለም አላስነብብ አለኝ

ጤና ይስጥልኝ። ከአራት ኪሎ ቁልቁል፣ ቀበና ወንዝ ዳር ታድሶ ሣር የለበሰ ቦታ ላይ ለመመረቂያ ጽሑፌ አፈር እየመረመርኩ ነው። ከላይ ያለው ከሌላ ቦታ የመጣ ቀይ አፈር ነው፤ ከሥሩ ግን ጠቆር ያለ፣ የቆዳ ቁርጥራጭ የተቀላቀለበት የድሮ ሙሌት ይወጣል። ልጆች ኳስ የሚጫወቱት እዚያው ላይ ነው።

ጠቅላላ ክሮሚየሙን ሌላ ቦታ አስለክቼ ከፍ ብሎ ወጣ። ይህ ብቻውን ብዙ አይነግረኝም፤ የባዛልት አፈር በተፈጥሮውም ክሮሚየም አያጣም፣ ለቆዳ ማልፊያ የሚውለውም ክሮሚየም 3 የሚባለው ዓይነት ነው። እኔ የምፈልገው መርዛማው ዓይነት፣ ክሮሚየም 6፣ መኖር አለመኖሩን ነው። በአሲድ ማውጣት አይሆንም፣ አፈሩ ውስጥ ያለው ብስባሽ 6ን ወደ 3 ይለውጠዋል። ስለዚህ በሶዲየም ሃይድሮክሳይድና በሶዲየም ካርቦኔት፣ ከ90 እስከ 95 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ60 ደቂቃ አሞቅሁት። የወጣው ፈሳሽ ጠላ መሰለ! ዳይፊኒልካርባዛይድ (ክሮሚየም 6 ሲያገኝ ወይን ጠጅ ቀለም የሚሰጥ መለያ ኬሚካል) ስጨምር ወይን ጠጁ ይምጣ አይምጣ አይለይም፤ በ540 ናኖሜትር የብርሃን ሞገድም ስፔክትሮፎቶሜትሩ (የቀለም ጥልቀት መለኪያው መሣሪያ) ቡናማውን ጭምር ያነባል። በ0.45 ማይክሮሜትር ማጣሪያ አሳለፍኩት፣ ያው ነው። (ውድ መሣሪያ እንዳትጠቁሙኝ፤ ያለን ስፔክትሮፎቶሜትር ብቻ ነው።)

ክሮሚየም 6ቱን ሳላጠፋ ይህን ቡናማ ቀለም በምን ላስወግደው?