ለ79 ዓመት እናቴ የሚስተካከል አልጋ፦ ከአሜሪካ ልላክ ወይስ አዲስ አበባ ይገዛ?

ልጅ_ከሜሪላንድ
ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ 79 ዓመቷ ነው፤ አዲስ አበባ ከሠራተኛ ጋር ትኖራለች። ጉልበቷን ያማታል፣ ቁመቷም አጭር ነው። ሌሊት ሁለት ሦስቴ ለሽንት ስትነሳ ሠራተኛዋን ትቀሰቅሳለች፤ ይህን አትወደውም። እዚህ ፍራሽ ቤት የሚሸጠውን፣ በሪሞት ራስጌውና ግርጌው የሚነሳውን አልጋ ልልክላት አስቤአለሁ። መብራት ሲጠፋ ምን ይሆናል? እንዳትወድቅ የጎን ብረት ላስገጥምለት?

ፊዚዮቴራፒስት
እህቴ፣ ያሰብሽው አልጋ ራስጌውና ግርጌው ይነሳል እንጂ ከወለል ያለው ከፍታ አይለወጥም። የእናትሽ ችግር ደግሞ መነሳቱ ላይ ነው። ጉልበቱን ለሚያመው ሰው ከሁሉም የሚበልጠው ከፍታው ነው።

መጀመሪያ ልክ ይወሰድ። እናትሽ ሌሊት የሚያደርጉትን ጫማ አድርገው ወንበር ላይ ይቀመጡ፤ ሠራተኛዋ ከወለል እስከ ጉልበታቸው ጀርባ እጥፋት ድረስ በሜትር ትለካ። 40 ሳ.ሜ. ከሆነ፣ ጠርዙ ላይ ተቀምጠው ፍራሹ ከሰመጠ በኋላ ከ40 እስከ 45 ሳ.ሜ. ላይ መሆን አለበት። ሁለቱም ተረከዝ ወለል ይርገጥ፣ ዳሌያቸው ከጉልበታቸው ትንሽ ከፍ ይበል። ከዚያ ዝቅ ካለ ለመነሳት ጉልበት ላይ የሚያርፈው ጫና ይበዛል። ከፍ ካለ እግር ይንጠለጠላል፤ ሰውየው በጠርዙ ተንሸራቶ ነው የሚወርደው።

አነሳሱም ይለመድ። ጉልበት አጥፎ በጎን መዞር፣ እግርን ከጠርዙ ማውረድ፣ በክርንና በመዳፍ ገፍቶ መቀመጥ። እዚህ ላይ አንድ ሁለት ደቂቃ ይቆዩ፤ ከተኙበት በአንድ ጊዜ ሲቆሙ የደም ግፊት ወርዶ ያዞራል። ከዚያ እግርን ወደ ኋላ ሳብ፣ ደረትን ወደ ፊት አዘንብሎ መቆም።

የጎን ብረቱን በተመለከተ፣ ሙሉውን ርዝመት የሚሸፍነውን አታስገጥሚ! ራሳቸው የሚነሱ ሰው ሌሊት በላዩ ሊሻገሩ ይሞክራሉ፤ ሲወድቁም ከብረቱ ቁመት ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 2009 መጀመሪያ ድረስ የጎን ብረት ባላቸው አልጋዎች ሰው የተያዘባቸው ወይም የታነቀባቸው 803 አደጋዎች ለአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ሪፖርት ተደርገዋል፤ 480 ሰዎች ሞተዋል። ጭንቅላት እንዳይገባ በብረቱ ዘንጎች መሃልም ሆነ በብረቱና በፍራሹ መሃል ያለው ክፍተት ከ12 ሳ.ሜ. በታች መሆን አለበት። ለአልጋው ያልተሠራ ጠባብ ፍራሽ ሲነጠፍበት ይህ ክፍተት ይሰፋል። ለእናትሽ የሚሆነው በትከሻቸው አቅጣጫ ከአልጋው ብረት ጋር በብሎን የታሰረ አጭር መያዣ ነው። ፍራሽ ሥር ተሰክቶ የሚቆመው ሲጎትቱት ይንሸራተታል።

የሕክምና_ዕቃ_ጠጋኝ
ስለ መብራቱ እኔ ልመልስ። የአሜሪካ አልጋ 120 ቮልት ነው፣ አዲስ አበባ 220። ከመቆጣጠሪያ ሳጥኑ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብቢ፤ «100–240» የሚል ከሆነ የሶኬት መቀየሪያ ብቻ ይበቃል። «120 ቮልት፣ 4 አምፔር» ካለ 120 ሲባዛ በ4፣ 480 ዋት ይመጣል፤ ትራንስፎርመሩ ቢያንስ 750 ዋት ይሁን። ያለ ትራንስፎርመር አንድ ጊዜ ከሰካሽው ሳጥኑ ይቃጠላል።

መብራት ሲጠፋ አልጋው ባለበት ይቆማል። ራስጌው ተነስቶ ከሆነ እንደተነሳ ያድራል ማለት ነው። አንዳንዶቹ ሁለት ባለ9 ቮልት ባትሪ አላቸው፤ ያ ግን አልጋውን አንዴ ዝቅ ለማድረግ ነው፣ ለዘወትር አይሆንም። ባትሪው ለዓመታት ሳይቀየር ስለሚረሳ በሚፈለግበት ቀን ሞቶ ይገኛል።

በእጅ ማዞሪያ የሚነሳው የሆስፒታል አልጋ ግን መብራት አያስፈልገውም፣ የትም ይጠገናል፤ ግን ተኝቶ ያለው ሰው ራሱ ሊያዞረው አይችልም። ባለሁለት ማዞሪያው ጀርባና ጉልበት ብቻ ያነሳል። ከፍታ የሚቀይረው ሦስተኛው ማዞሪያ ስለሆነ ሲገዛ ይቆጠር። መጨረሻው ላይ ከደረሰ በኋላ በኃይል ሲያዞሩት ጥርሱ ይበላል። ካዞሩ በኋላ እጀታው ወደ ውስጥ ይታጠፍ፤ በጨለማ ቅልጥም የሚመታው እሱ ነው።

ልጅ_ከሜሪላንድ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ተለካ፦ 41 ሳ.ሜ.። አዲስ አበባ የተገኘው አልጋ ባለሁለት ማዞሪያ ነው፣ ብረቱ ከወለል 50፣ ፍራሹ 12። አሁን የምትተኛበት የእንጨት አልጋ ስትቀመጥበት 33 ላይ ነው።

ፊዚዮቴራፒስት
50 እና 12፣ 62 ሳ.ሜ. ነው። ፍራሹ ጥቂት ቢሰምጥ እንኳ ለ41 በጣም ከፍ ይላል፤ አትግዢው። ጀርባቸው ተነስቶ እንዲተኙ የሚያስገድድ የመተንፈስ ወይም የመዋጥ ችግር ከሌለባቸው፣ ያለው የእንጨት አልጋ ይበቃቸዋል። 33 ላይ 10 ሲጨመር 43 ነው። አናጢ አራት የእንጨት መቆሚያ ይሥራ፤ እያንዳንዱ የአልጋው እግር ሳይነቃነቅ የሚገባበት 3 ሳ.ሜ. ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ይኑረው፣ ከጉድጓዱ በታች 10 ሳ.ሜ. ይቅር። ጡብ አይደረግ፣ ይንሸራተታል። ሥሩ ላይ ጎማ ይለጠፍ፣ አልጋው ከግድግዳ ጋር ይጠጋ፣ አጭሩ መያዣ በሚወርዱበት በኩል በብሎን ይታሰር።

በኋላ አቅማቸው ከቀነሰ ባለሦስት ማዞሪያውን ፈልጊ፤ ያኔም ዝቅተኛው ከፍታ ከነፍራሹ ከ45 ካለፈ ለእሳቸው አይሆንም። ያን ጊዜ ሠራተኛዋ አንድ ነገር ትልመድ፦ መጀመሪያ የጉልበቱን ክፍል ታንሳ፣ ከዚያ የጀርባውን። ጀርባው ከቀደመ ሰውነት ወደ ግርጌ ይንሸራተታል፤ የጅራት አጥንታቸው አካባቢ ያለው ቆዳ ይፋተግና የአልጋ ቁስል ይጀምራል።

የሕክምና_ዕቃ_ጠጋኝ
እኔም ልጨምር፦ ከሳምንት በኋላ የመያዣው ብሎኖች እንደገና ይጥበቁ፣ እንጨት ሲጫነው ይላላል። ከአልጋው እስከ መጸዳጃ ቤት ያለው ምንጣፍ ይነሳ፤ ባትሪ ያለው፣ ሰው ሲንቀሳቀስ የሚበራ ትንሽ መብራትም ግድግዳው ላይ ይለጠፍ። ከሜሪላንድ የምትልኪው ይህንን ይሁን፣ ሻንጣ ውስጥ ይገባል።