መስማት የተሳናትን ልጅ ትምህርት ቤት «አቅም የለንም» ብሎ ሊመልሳት ይችላል?

ጠያቂ (ከደምበጫ አካባቢ)፦

ጤና ይስጥልኝ። የምጠይቀው ስለ እህቴ ልጅ ነው። ልጅቱ ዘጠኝ ዓመቷ ሲሆን፣ በሕፃንነቷ በያዛት ማጅራት ገትር ምክንያት የመስማት ችሎታዋን ከሞላ ጎደል አጥታለች። እስከ ሁለተኛ ክፍል የደረሰችው የቀድሞዋ መምህርቷ ከፊት ወንበር አስቀምጣት ፊቷን ወደ እርሷ አድርጋ ስለምታስተምር፣ ከንፈሯን እያየች ነው። በዘንድሮው ምዝገባ ግን መምህርቷ በመዛወሯ፣ ርዕሰ መምህሩ «የልዩ ፍላጎት መምህር የለንም፤ ባሕር ዳር ውሰዷት፤ ሕገ መንግሥቱም ቢሆን አቅም በፈቀደ መጠን ነው የሚለው» ብለው መለሷት። እህቴ ሌሎች ሦስት ልጆች አሏት፤ ባሕር ዳር የሚያስጠጋት ዘመድም የላትም። እውነት ሕጉ እንዲህ ይላል?

መልስ (የሕግ ባለሙያ፣ ደብረ ማርቆስ)፦

ርዕሰ መምህሩ የጠቀሱት የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 ይመስለኛል። ያ ድንጋጌ በእርግጥ የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን ይላል፤ የሚናገረው ግን መንግሥት አካል ጉዳተኞችን፣ አረጋውያንንና አሳዳጊ የሌላቸውን ሕፃናት ለማቋቋምና ለመርዳት ስለሚያደርገው እንክብካቤ ነው። በዚያው አንቀጽ ንዑስ አንቀጽ 3 ላይ ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በመንግሥት ገንዘብ በሚካሄዱ ማኅበራዊ አገልግሎቶች በእኩልነት የመጠቀም መብት እንዳለው ተደንግጓል፤ እዚህ ላይ አቅም የሚል ገደብ አልተጨመረም። የእህትዎ ልጅ የጠየቀችው አዲስ ሕንፃ ሳይሆን፣ የጎረቤቶቿ ልጆች የሚመዘገቡበት መዝገብ ላይ ስሟ እንዲሰፍር ነው።

ከዚህ የሚበልጠው ማስረጃ የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ነው። ኢትዮጵያ ይህን ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች፤ የጸደቀ ዓለም አቀፍ ስምምነት ደግሞ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 ንዑስ አንቀጽ 4 መሠረት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው። የስምምነቱ አንቀጽ 24 ሕፃናት በጉዳታቸው ምክንያት ከነጻና ግዴታ ከሆነው የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት እንዳይገለሉ ይከለክላል፤ ለእያንዳንዱ ተማሪ እንደየፍላጎቱ ተመጣጣኝ ማመቻቸት (ከአቅም በላይ ሸክም የማይሆን ማስተካከያ) እንዲደረግም ያዛል። ማመቻቸቱን መከልከል በአንቀጽ 2 ትርጓሜ መሠረት ራሱ አድልዎ ነው። እርግጥ ነው፣ ስምምነቱም የአቅምን ነገር አይክድም፤ በአንቀጽ 4 ማኅበራዊና ኢኮኖሚያዊ መብቶች ደረጃ በደረጃ እንዲሟሉ ይፈቅዳል። አድልዎ አለማድረግ ግን ለነገ የሚቆይ ግዴታ አይደለም፤ የስምምነቱን አፈጻጸም የሚከታተለው ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው አራተኛ አጠቃላይ አስተያየት ይህንን በግልጽ አስቀምጦታል። ከፊት ወንበር ማስቀመጥና ፊትን ወደ ልጅቱ አዙሮ ማስተማር የሚጠይቀው በጀት ምን እንደሆነ ርዕሰ መምህሩ ቢያስረዱን ደስ ይለኛል።

መልስ (የልዩ ፍላጎት ትምህርት መምህር፣ ምሥራቅ ጎጃም)፦

የሕግ ባለሙያው ባሉት እስማማለሁ፤ ነገር ግን ወንበር ማግኘትና መማር አንድ አይደሉም። ሰባ ተማሪ ባለበት ክፍል መምህሩ ጀርባውን ሰጥቶ ሰሌዳ ላይ እየጻፈ በሚናገርበት ጊዜ፣ ልጅቱ የሚታያት የመምህሩ ጋዋን ብቻ ነው። ቃለ ጽሕፈት ሲሰጥ ባዶ ወረቀት ታስረክባለች፤ ከዚያም «ሰነፍ ናት» ተብሎ ይጻፍባታል። ስለዚህ በማመልከቻው ላይ «ትመዝገብልን» ብቻ ብላችሁ አትጻፉ፤ መምህሩ ተናግሮ ሲጨርስ እንዲጽፍ፣ ቃለ ጽሕፈት በጽሑፍ ፈተና እንዲተካላት፣ የቤት ሥራውን የምትገለብጥበት የወንበር ጓደኛ እንድትመደብላት በዝርዝር ጠይቁ። እነዚህ ሁሉ ያለ ልዩ ሥልጠና የሚፈጸሙ ናቸው።

ሌላም ልትሰሙት የሚገባ ነገር አለ። ስምምነቱ በዚያው አንቀጽ 24 የምልክት ቋንቋ መማርን መስማት የተሳናቸው ልጆች መብት አድርጎታል፤ የምልክት ቋንቋ ወይም ብሬይል (ዓይነ ስውራን በጣት የሚያነቡት ጽሕፈት) የሚያውቁ መምህራን እንዲቀጠሩም ያዛል። ከንፈር ማንበብ በሦስተኛና በአራተኛ ክፍል ያገለግላል፤ ትምህርቱ እየረቀቀ ሲሄድ ግን ልጅቱን ጥሏት ይሄዳል። ርዕሰ መምህሩ ባሕር ዳር ማለታቸው ከክፋት የመነጨ ላይሆን ይችላል፤ የምልክት ቋንቋ የሚናገሩ እኩዮች መካከል ያደገ ልጅ በፍጥነት ሲለወጥ በዓይኔ አይቻለሁ። ስህተታቸው ምርጫ ሊሆን የሚገባውን ነገር ማባረሪያ ማድረጋቸው ነው።

መልስ (የቢቸና ተወላጅ፣ ሚኔሶታ)፦

እኔ የምሠራው እዚህ አሜሪካ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት በረዳት መምህርነት ነው። እዚህም ቢሆን እ.ኤ.አ. እስከ 1975 ድረስ ትምህርት ቤቶች አካል ጉዳተኛ ልጆችን ይመልሱ ነበር፤ የአገሪቱ ምክር ቤት የዚያን ዓመት ሕግ ሲያወጣ አንድ ሚሊዮን ልጆች ከመንግሥት ትምህርት ቤቶች ሙሉ በሙሉ መገለላቸውን በሕጉ ውስጥ አስፍሯል። ከዚያ በፊት ወላጆች በፔንሲልቬንያና በዋሽንግተን ከተማ ከስሰው እ.ኤ.አ. በ1972 አሸንፈው ነበር። በዋሽንግተኑ ክስ ትምህርት ቤቶቹ ያቀረቡት መከላከያ የገንዘብ እጥረት ነው፤ ፍርድ ቤቱ የመለሰው ግን ገንዘብ ካነሰ እጥረቱ በአካል ጉዳተኛ ልጆች ላይ ብቻ ከብዶ ሊወድቅ አይገባም በማለት ነው። ደምበጫ ለተነሳው ጥያቄ ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም።

የአሜሪካው ሕግ ጉልበት ግን ያለው መብቱን በማወጁ ላይ ሳይሆን በሥነ ሥርዓቱ ላይ ነው። ትምህርት ቤቱ ለእያንዳንዱ ልጅ ወላጅ ባለበት የግል የትምህርት ዕቅድ ያዘጋጃል፣ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ይከልሰዋል፤ ወላጅ የጠየቀውን ሲከለክልም ምክንያቱን በጽሑፍ የመስጠት ግዴታ አለበት፤ ወላጅ ካልተስማማ ገለልተኛ ሰሚ ዘንድ ይቀርባል። ሁሉም የተሟላ ነው ማለቴ አይደለም፤ ማዕከላዊው መንግሥት ከአማካይ የአንድ ተማሪ ወጪ እስከ 40 በመቶ እሸፍናለሁ ያለውን አንድም ዓመት ሞልቶ አያውቅም።

ጠያቂ፦

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ርዕሰ መምህሩ የመለሱን በቃል ነው፤ ማመልከቻውንስ አልቀበልም ቢሉ?

መልስ (የሕግ ባለሙያ፣ ደብረ ማርቆስ)፦

ማመልከቻውን በእናቷ ስም በሁለት ቅጂ አዘጋጁ፤ መምህሩ የዘረዘሩትን ማመቻቸት አስገቡበት፤ የስምምነቱንም አንቀጽ 24 አትማችሁ አያይዙት፤ ብዙ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ስለ ስምምነቱ የሰማ እንጂ ያነበበ አይገኝም። መዝገብ ቤት ገቢ ተደርጎ ቁጥርና ቀን ይሰፈርበት፤ አንዱ ቅጂ እናንተ ዘንድ ይቅር። ትምህርት ቤቱ ካልተቀበለ እዚያው ቀን ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት አስገቡ፤ ከዚያም መልስ ካጣችሁ ወደ ዞን መምሪያ ውሰዱት። ወላጅ መምህር ኅብረቱንም አትርሱ፤ ብዙ ጊዜ ጉዳዩ እዚያው ያልቃል። በአስተዳደሩ በኩል መፍትሔ ከጠፋ ለሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን የባሕር ዳር ጽሕፈት ቤት ወይም ለእንባ ጠባቂ ተቋም ያለ ክፍያ አቤት ማለት ይቻላል፤ ሁለቱም ግን መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ ያንን ቁጥርና ቀን ያለበትን ወረቀት ነው።