ሻጩ «የቀብድሽን እጥፍ ልመልስና ይቅር» ቢለኝ ፍርድ ቤት ቤቱን ራሱን ሊያስረክበኝ ይችላል?

ሰላም_ዱባይ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የሕግ ሰው ካለ እባካችሁ አግዙኝ። በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ወንድሜ በውክልና አዲስ አበባ ቤት ገዛልኝ። ውሉ ሰነዶች ማረጋገጫ ገብቶ ተመዝግቧል። ግማሹን ከፍለናል፣ ቀሪው ስም ሲዛወር ነው። ስም ሊዛወር ሲል ሻጩ ዛሬ ነገ ማለት ጀመረ፣ አሁን ደግሞ «የቀብዱን እጥፍ ልመልስና ይቅር፣ ሕጉም የሚለው ይህንኑ ነው» ብሎ ቁርጡን ተናገረ። ቤተሰብ «እጥፍ ካገኘሽ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ» ይለኛል። ለእኔ ግን እጥፍ አይደለም። ገንዘቡን በላክሁ ጊዜ ዶላር በባንክ 55 ብር ገደማ ነበር። ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። የሚሰጠኝ ብር ወደ ድርሃም ሲመለስ የላክሁትን እንኳ አይሞላም፣ የቤት ዋጋውማ ተዉት። ዳኛ ሰውየውን «ቤቱን አስረክብ» ብሎ ማስገደድ ይችላል ወይስ የሚፈርደው ገንዘብ ብቻ ነው?

ጎፋ_ልጅ፦
እህቴ፣ ብሩን ተቀበይ። ፍርድ ቤት ያመላልስሻል፣ ይግባኝ አለ፣ ሰበር አለ። ደግሞ እውነቱን እንነጋገር፣ ሻጩም ቢሆን ቀሪውን ግማሽ የሚቀበለው አቅሙ በወደቀ ብር ነው። ለእሱስ ፍትሕ አያስፈልገውም?

ጠበቃ_ልደታ፦
ጎፋ_ልጅ ያነሳው ስለ ሻጩ ያለው ነጥብ ተገቢ ነው፣ ግን ሕጉ መልሶታል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1764 አንዱ ወገን ላይ ግዴታው ከታሰበው በላይ ቢከብድም ውሉ እንደጸና ይቆያል ይላል። ዳኛ ስላዘነ ብቻ ውል አያሻሽልም። ሁላችንም ውላችን ግርጌ «በ1731 መሠረት የጸና ነው» ብለን የምንፈርመው ለዚህ ነው፣ ብሩ ሲወድቅ ለመውጣት አይደለም።

ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። አዎ፣ ማስገደድ ይችላል። አንዱ ወገን ካልፈጸመ ሌላው ውሉ እንዲፈጸምለት ወይም እንዲሰረዝለት መጠየቅ ይችላል፣ ኪሳራም በዚያ ላይ ይጨመራል (1771)። እንደ ውሉ እንዲፈጸም ለማስገደድ ግን ቁጥር 1776 ሁለት ነገር ይፈልጋል፦ ለጠያቂው ልዩ ጥቅም ያለው መሆኑን፣ እና አፈጻጸሙ የባለዕዳውን የግል ነጻነት የማይነካ መሆኑን። ሁለተኛው አያስቸግርሽም። ሰውየውን እንደ ዘፋኝ መድረክ ላይ ውጣ አላልሽውም፣ ቤት ነው፣ እምቢ ቢል እንኳ በፍርዱ መሠረት ስሙ በመሥሪያ ቤቱ ሊዛወር ይችላል። ክርክሩ ያለው ልዩ ጥቅም ላይ ነው። እዚያ ላይ አሁን የጻፍሽውን የምንዛሪ ታሪክ በማስረጃ አቅርቢ፣ የባንክ ሐዋላ ወረቀቶቹን አንድ ሳታስቀሪ። በሕጉ የሚታሰበው ወለድ በዓመት 9 በመቶ ነው፣ በዚያ ወለድ ያንን ቤት መልሶ መግዛት እንደማይቻል ለዳኛው ቁጥሩ ራሱ ይነግረዋል።

ቀብድን በተመለከተ ቁጥር 1885 እውነት ነው፣ ቀብድ የተቀበለ ሰው እጥፉን መልሶ መውጣት ይችላል። ግን የከፈልሽው ቀብድ ነው ወይስ የዋጋው ክፍያ? ውሉን አንብበሽ ንገሪኝ፣ ጉዳይሽ እዚህ ላይ ሊወድቅም ሊቆምም ይችላል።

ሜሪላንድ_ነኝ፦
ጠበቃው ያለውን ሳነብ የኢሎን መስክና የትዊተር ጉዳይ ትዝ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ2022 ትዊተርን በ44 ቢሊዮን ዶላር ልግዛ ብሎ ፈረመ፣ ከዚያ ተውኩት አለ። ውሉ ላይ የ1 ቢሊዮን ዶላር የማፍረሻ ክፍያ ስለነበረ ብዙ ሰው «ያንን ከፍሎ ይወጣል» ብሎ ነበር፣ ልክ እንደ ሰላም ቤተሰቦች። ትዊተር ግን የ1 ቢሊዮኑን ጉዳይ ወደ ጎን ትቶ በአሜሪካ ዴላዌር ግዛት ባለው ቻንስሪ በሚባለው ፍርድ ቤት ከሰሰውና «ግዛ ተብሎ ይገደድልኝ» አለ። ክርክሩ ጥቅምት ላይ ሊሰማ ቀጠሮ ተይዞ ነበር፣ መስክ ግን ፍርድ ሳይጠብቅ በመጀመሪያው ዋጋ፣ በአክሲዮን 54.20 ዶላር ገዛ። ዳኛዋ ልታስገድደው እንደምትችል ማወቁ ብቻ በቃ።

ይህ ፍርድ ቤት የመጣው ከእንግሊዝ ነው። ድሮ የእንግሊዝ መደበኛ ፍርድ ቤቶች ለተበደለ ሰው በአብዛኛው ገንዘብ ብቻ ነበር የሚፈርዱት። ገንዘብ የማይበቃው ሰው ለንጉሡ አቤት ይላል፣ ንጉሡም ጉዳዩን ወደ ቻንስለሩ (ወደ ከፍተኛ ሹሙ) ይመራዋል፣ ቻንስለሩ ደግሞ «አድርግ» ወይም «አታድርግ» ብሎ ያዛል። ሁለቱ ፍርድ ቤቶች ሲጋጩ በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ንጉሥ ጄምስ ቀዳማዊ ለቻንስለሩ ወሰነ። እንግሊዝ በ1870ዎቹ ሁለቱን አዋህዳለች፣ ዴላዌር ግን እስከ ዛሬ ለይታ ይዛዋለች። እዚህ አሜሪካ የቤትና የመሬት ሽያጭ ከሆነ ገዢው ልዩ ጥቅም እንዳለው ማስረዳት ብዙም አይከብደውም፣ እያንዳንዱ ቦታ ምትክ የለውም ተብሎ ነው የሚታየው። የኛም ዳኞች እንዲያ ቢያዩት ደስ ይለኛል።

ሰላም_ዱባይ፦
እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ውሉን ወንድሜ በፎቶ ላከልኝ፣ «የዋጋው የመጀመሪያ ክፍያ» ነው የሚለው፣ ቀብድ የሚል የለበትም። አንድ ጥያቄ ልጨምር። ይሄ ሰው እንቅልፍ ነሥቶኛል፣ የሞራል ካሳ መጠየቅ እችላለሁ?

ጠበቃ_ልደታ፦
ቀብድ ካላለ ጥሩ ነው፣ በእጥፍ የመውጣት መንገዱን አጥብበሽበታል። የሞራል ካሳው ላይ ግን ጊዜሽን አታባክኚ። ከውል ውጭ ላለ ጥፋት እንኳ ቁጥር 2116 ጣሪያውን 1,000 ብር አድርጎታል፣ ሕጉ ከወጣበት ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ ሳይነካ። ያኔ ትልቅ ገንዘብ ነበር፣ ዛሬ ለተጎዳ ሰው እንዲህ ብሎ መፍረድ ዳኛውንም የሚያሳፍር ይመስለኛል፣ መሻሻል ካለባቸው ቁጥሮች አንዱ ነው።

አሁን የሚያስፈልግሽ እግድ ነው፣ ያውም ቶሎ። ስም እስኪዛወር ድረስ ቤቱ በሕግ የእሱ ነው (1185)፣ ነገ ለሌላ ቢሸጠውና በዚያ ሰው ስም ካርታ ቢወጣ ክርክርሽ ሌላ ጣጣ ይገባል። ከክሱ ጋር አያይዘሽ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 154 «እንዳይሸጥ እንዳይለወጥ» የሚል ትእዛዝ ጠይቂ።

ቀሪው ገንዘብ ዝግጁ ይሁን። የራሱን ግዴታ ያልፈጸመ ወይም ለመፈጸም ያልተዘጋጀ ሰው ሌላውን ፈጽም ማለት አይችልም (1757)። ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ስጪው፣ ገንዘቡን አልቀበልም ካለም ፍርድ ቤት ማስቀመጥ ይቻላል።

ክሱ ላይ ዳኝነት በምትጠይቁበት ክፍል መጀመሪያ «እንደ ውሉ ቤቱን ያስረክበኝ፣ ስም ይዛወርልኝ» ብላችሁ ጻፉ፣ ከዚያ «በአማራጭ» ብላችሁ የአሁኑን የገበያ ዋጋ ልዩነት ጨምራችሁ ገንዘቡን ጠይቁ። ያልተጠየቀ ዳኝነት አይሰጥም። ስንት ሰው «ገንዘቤ ይመለስልኝ» ብቻ ብሎ ጽፎ ቤቱ በዚያው እንደቀረበት አይቻለሁ።

ጎፋ_ልጅ፦
እሺ፣ ይሄን ሁሉ አላውቅም ነበር። ሰላም፣ ወንድምሽ ያለው ውክልና ለመግዛት ብቻ ነው ወይስ መክሰስም ይችላል?

ሰላም_ዱባይ፦
ለመግዛትና ስም ለማዛወር ነው የሚለው።

ጠበቃ_ልደታ፦
እንግዲያው ከዚያ ጀምሪ። ዱባይ ያለው ቆንስላችን ሄደሽ ክስ የመመሥረት፣ የመከራከርና የመታረቅ ሥልጣን በግልጽ የተጻፈበት አዲስ ውክልና አሠሪ፣ ወረቀቱ አዲስ አበባ ሲደርስ ውጭ ጉዳይ ይረጋገጥ። እስከዚያ ወንድምሽ ማስጠንቀቂያውን ያዘጋጅ።